ጥያቄ ሳበዛ እምነቴ እየሸሸኝ ነው?

ተረኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ሥራውም ቀዝቀዝ ብሏል፣ ስለዚህ ልጨርሰው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

ጎንደር ነው የምኖረው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ መዝሙር የጀመርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ያሳደጉኝ አያቴ መነኩሲት ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነስተው ጧፍ ያበሩና ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የጧፉን ሽታ እያሸተትኩ መልሶ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እምነት ሲባል እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ሽታ ነው።

አሁን ግን ሥራዬ ራሱ መጠርጠር ሆኗል። የወባ ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። ከጣት ላይ ጠብታ ደም እንወስዳለን፣ መስታወት ላይ ወፍራምና ስስ አድርገን እናሰራጨዋለን፣ ሲደርቅ ጊምሳ በሚባል ቀለም እናቀልመዋለን፣ ከዚያ ዘይት ጠብ አድርገን በማይክሮስኮፕ 100 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ እናያለን። ስሱ ላይ ጥገኛዋ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት ሆና ትታያለች፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ነጥብ አላት። ካገኘኋት አገኘኋት። ካላገኘኋት ግን ተነስቼ "የለም" ማለት አልችልም። ቢያንስ 100 ቦታ ማየት አለብኝ። ዓይኔ ቢደክምም፣ ወረፋው በር ላይ ቢንጫጫም፣ 100 ሳልሞላ ኔጋቲቭ ብዬ ብጽፍ ሰው ልገድል እችላለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስውል ጭንቅላቴ "አሳየኝ" ማለት ለመደ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት እናት ከቆላ ልጇን አዝላ መጣች። አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ስላይዱ በቀለበት ተሞልቷል፣ 100 ቦታ ማየት እንኳን አላስፈለገኝም። ውጤቱን እየሮጥኩ ነው ያደረስኩት። መድኃኒቱም ወዲያው ተጀመረ። ግን ከቤቱ የተነሳው ዘግይቶ ነበር። በማግስቱ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ የልጇን ጫማ ጭቃ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እየጠረገች "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱ ያውቃል" ትላለች። እኔ ግን "እሱ ያውቃል" የሚለው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤ የለም። ለሚያስተምረን ሰው ነገርኩት። "ጥያቄ ማብዛት የጥርጥር መንፈስ ነው፣ ጸበል ተጠመቂ" አለኝ። ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። "አሁን ገና ነቃሽ፣ ያ ሁሉ ልማድ ነበር" አለኝ። አንዱ ማሰቡን ተይው ይለኛል፣ ሌላው እምነቱን ተይው ይለኛል። ሁለቱም አላሳረፉኝም።

እና ጥያቄዬ፣ ለክርስቲያን መመርመር ኃጢአት ነው? ደግሞ አንድ ግራ የሚገባኝ ነገር አለ። አያቴ እንደሚወዱኝ በምንም መሣሪያ መርምሬ አላረጋገጥኩም፣ ግን ከጻፍኩት ውጤት ሁሉ በላይ እርግጠኛ ነኝ። እምነት እንደዚያ ያለ ነገር ነው? ወይስ ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት ነው? የልባችሁን ንገሩኝ።

ጽና_በእምነት፦

እህቴ አትሳሳቺ። ሔዋንን ያሳታት ጥያቄ ማብዛት ነው። አባቶቻችን ሳይጠይቁ አምነው ነው ሃይማኖቱን ያቆዩልን። ጸልዪ፣ ስገጂ፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ሰይጣን የተማረ ሰው ዘንድ የሚገባው በእውቀቱ በኩል ነው።

የቆሎ_ተማሪ_የነበረ፦

ጽና ወንድሜ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ንስሐ አባት ያልከውን እቀበላለሁ። ሔዋንን ግን እስቲ ዘፍጥረት 3ን ገልጠህ እንደገና እያት። የጠየቀው እባቡ ነው፣ እሷ መላሽ ነበረች። ፈጣሪዋ እዚያው ቅርቧ ሳለ "እንዲህ የሚል ነገር ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይ?" ብላ እሱን አልጠየቀችውም። የእኔ መምህር ይህን ሲያስረዱ "ያጠፋችው በጠየቀች አይደለም፣ ባልጠየቀች ነው" ይሉ ነበር። ከወደቁም በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው እግዚአብሔር ነው፣ አዳምን "ወዴት ነህ?" ብሎ።

"አባቶቻችን ሳይጠይቁ" የሚለው ነገር ደግሞ ያመኛል። ምክንያቱም እኔ ዘጠኝ ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብዬ ለምኜ የተማርኩ ነኝ። ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ ባቴ ላይ አለ። ቅኔ ቤት ትናንት የቆጠርከውን ቅኔ ዛሬ ደግመህ ማምጣት ነውር ነው፣ የሌላውን ማምጣት ደግሞ ሌብነት ነው። በየቀኑ አዲስ ይዘህ የኔታ ፊት ትቀርባለህ። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይጥሉብሃል። "ለምን ጣሉብኝ?" ብለህ መሟገት ትችላለህ፣ ከጓደኞችህ ጋር ጫካ ለጫካ እየዞርክ ማታ ድረስ ስትከራከርበት ትውላለህ። ማሰብ ያልተፈቀደበት ትምህርት ቢሆን ኖሮ ለምን ይህን ያህል ያለፉናል?

ተረኛዋ እህቴ፣ ላንቺ ልንገርሽ የምፈልገው ግን ከትርጓሜ ቤት ያየሁትን ነው። አንድ ተማሪ ግእዙን ያነባል፣ የኔታ ወደ አማርኛ ያወርዱታል፣ ከዚያ "አንድም" ይላሉ። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው። አንድ ቃል ላይ አራት አምስት "አንድም" ሊመጣ ይችላል። መሐል ላይ ደግሞ "ለምን ቢሉ"፣ "ምነው ቢሉ" የሚል ይገባል። መጀመሪያ ስሰማው የንግግር ማያያዣ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። "ቢሉ" የተባለው ሰው ከኋላ ተቀምጦ "ይህስ እንዴት ይሆናል?" የሚል ሰው ነው። ሊቃውንቱ ያንን ሰው ከጉባኤ አላስወጡትም። ጥያቄውን ከነመልሱ በቃል አስጠንተው፣ ከልጅ ወደ ልጅ ሲያስተላልፉት ኖሩ። ዛሬ ኮሪደር ላይ ቆመሽ "ልጁ ለምን ሞተ?" ስትዪ አንቺ ያ "ቢሉ" የተባልሽው ሰው ነሽ። ቦታሽ እዚያው ጉባኤው መሐል ነው።

እዚሁ ጎንደር "ላይ ቤት" እና "ታች ቤት" የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች በስንት ነገር ይለያዩ ነበር! አንዱ የሌላውን "አንድም" አይቀበልም ነበር፣ ግን ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ወንጌል ነበር።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ፣ እውነትን ያለ ፍቅር መያዝ። ንጉሥ ሱስንዮስ በ1622 እንደ ፈረንጆቹ የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበል እሱም እውነት አገኘሁ ብሎ ነበር። በሰይፍ ሊያስቀበል ሲሞክር ስንት ሰው አለቀ። በ1632 "ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ" ተባለና ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። ከተማችን የተቆረቆረችው ከዚያ ደም በኋላ፣ በ1636 ነው። በሃይማኖት የምንከራከር የጎንደር ልጆች ፋሲል ግቢ በር ላይ ስናልፍ ይህ ትዝ ቢለን ጥሩ ነው። ከተሳሳተ ሰው ይልቅ በእውነት ስም የጨከነ ሰው የበለጠ ያስፈራኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ ጊዜ መምህሬ ጋ እሄዳለሁ። ጥያቄሽን ይዘሽ ነይ። የኔታ ይቆጣሉ፣ ግን የሚቆጡት በሰነፍ ጥያቄ ነው። ያንቺ ሰነፍ አይደለም።

ፊዚክስ_አስተማሪ፦

እኔ የወንጌላውያን እምነት ተከታይ ነኝ፣ ስለ ቅኔ ቤት የማውቀው የለም፣ ግን ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ቀናሁ። እኔም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ባልደረባሽ "ልማድ ነበር" ያለሽ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ስለቀላቀለ ይመስለኛል። ለተማሪዎቼ የማመጣው ምሳሌ የፋሲለደስ መዋኛ ነው። በጥር መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ውሃ ለምን አለ? አንድ ልጅ ተነስቶ "ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ስለገባ" ይላል። ልክ ነው፣ ከፍታውን፣ ግፊቱን፣ የሚፈጀውን ጊዜ አስልተን ማሳየት እንችላለን። ሌላዋ ደግሞ "ጥምቀት ስለደረሰ" ትላለች። እሷም ልክ ናት። የመጀመሪያው ልጅ ስሌት ምንም ያህል ቢረቅ የሁለተኛዋን መልስ አይሽርም። ቦዩን እስከ ምንጩ ድረስ ብትከተዪው ጥምቀትን እዚያ አታገኚውም፣ ስላልነበረ ግን አይደለም።

ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1927 እንደ ፈረንጆቹ ቀመሩን ሠርቶ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ዦርዥ ለሜትር ነው፣ የቤልጂየም ቄስ። ይህ ሰው የፊዚክስ ሥራዬን ለሃይማኖት ማስረጃ አድርጋችሁ አትጠቀሙበት ባይ ነበር። ስለ ፈራ አልነበረም። እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ መንገድ እንዲመለስ ፈልጎ ነው። ቀመሩንም ቅዳሴውንም፣ ሁለቱንም በሙሉ ልቡ።

ግን እዚህ ላይ ቆመን "ሳይንስ ለብቻው፣ እምነት ለብቻው" ብለን ብንለያይ አልስማማም። ያ በጣም ምቹ ነው፣ ሐቀኛ ግን አይደለም። የእኛ እምነት የቆመው ሆነ በተባለ ነገር ላይ ነው። አንድ ሰው ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ጳውሎስ ይህን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ "ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት" አለ። እስቲ አስቢው። ሁሉንም ነገር አንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ይህ ውሸት ከሆነ ጣሉት አለ። ልማድ ብቻ የያዘ ሰው እንዲህ አይናገርም። እንደ ላቦራቶሪ ሰው ይህ አነጋገር ሊገባሽ ይገባል፣ ምክንያቱም ሊሳሳት የሚችልበትን ቦታ ራሱ ጠቁሞ ሰጥቶሻል። ቶማስም "ካላየሁ አላምንም" ሲል ጌታ ከሐዋርያት መዝገብ አልሰረዘውም፣ ከስምንት ቀን በኋላ መጥቶ እጁን አሳየው። "ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው" ማለቱ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ አሳየው።

ስለዚህ መርምሪ። የ100 ቦታ ሕግሽን እዚህም አምጪው። አራቱን ወንጌል በሙሉ አንብበሽ ታውቂያለሽ? እኔ 30 ዓመት እስኪሞላኝ አላነበብኩም ነበር፣ ግን አምናለሁም አላምንምም እያልኩ ስከራከር እውል ነበር። ሁለት ሦስት ቦታ አይቼ ውጤት እጽፍ ነበር ማለት ነው።

አዘዞ_ነኝ፦

እኔ አጠር ላድርገው። ስድስት ዓመት ከእምነት ውጭ ነበርኩ። ያኔ እንፍራዝ ነበር የምሠራው፣ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ኖረበት የሚባለው አገር። የሱን ሐተታ አንብቤ "ይኸው፣ ከኛ ሰው ልቡናውን ይዞ የጠየቀ" ብዬ በየቡና ቤቱ አወራ ነበር። ድርሰቱን የጻፈው እሱ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመኑ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው በሚለው ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፣ ለኔ ግን ያኔ ግድ አልነበረኝም። ደግሞ ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት ያ ሰው ዋሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጸልያል። መዝሙረ ዳዊቱን አቅፎ ነው የሚመራመረው። ያንን ገጽ እኔ ዘልዬዋለሁ።

በኋላ ዞሬ ሳስበው፣ እምነቴን የተውኩት በማሰብ አልነበረም። በንዴት ነበር። ወንድሜ በሰው እጅ ሞቶብኝ ነበር። ንዴቴን ግን ንዴት ብዬ መጥራት አፈርኩ፣ "ማስረጃ የለም" አልኩት። እንደዚያ ሲባል ትልቅ ሰው ያስመስላል።

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ማስረጃ ነው የምትጠይቂው፣ የጻፍሽው ግን ስለ ጫማው ነው። ምናልባት ጥያቄሽ "እግዚአብሔር አለ ወይ?" አይሆንም። ምናልባት "እሱ ካለ ያ ልጅ እንዴት?" ነው። እሱ ደግሞ ላቦራቶሪ የሚገባ ጥያቄ አይደለም፣ ለራሱ ለእግዚአብሔር የሚጮህ ጥያቄ ነው። ኢዮብ ጮኸበት። ወዳጆቹ ደግሞ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው፣ ኃጢአት ቢኖርብህ ነው፣ ዝም በል አሉት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፣ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም፣ ባሪያዬ ኢዮብ ነው የተናገረው ብሎ። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። ጥብቅና የቆሙለትን ገሥጾ የጮኸበትን አጸደቀ።

ወደ ቤት የመለሰኝም ክርክር አይደለም። አንድ ቄስ ጎረቤት ስድስቱንም ዓመት ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል ሳይተነፍሱኝ፣ በየበዓሉ ጠላና ዳቦ በልጃቸው ይልኩልኝ ነበር። የወንድሜን የሙት ዓመት እኔ ረስቼው እሳቸው አልረሱም።

ተረኛዋ፦

አዘዞ፣ ይህን አንብቤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የመጣሁት። እውነትህን ነው። ስለ ማስረጃ አልነበረም። ወይም ስለ ማስረጃ ብቻ አልነበረም።

ፊዚክስ፣ ሙሉ ወንጌል አንብቤ አላውቅም። በቅዳሴ የሚነበበውን ሰምቻለሁ እንጂ ቁጭ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አላነበብኩም። ከማርቆስ ልጀምር፣ አጭር ነው ይላሉ።

እናት_ከቀሃ፦

ልጄ፣ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ አልችልበትም፣ የልጅ ልጄ ናት እየነገርኳት የምትጽፍልኝ። ያንቺን አንብባልኝ ሌሊቱን ሳስብሽ አደርኩ።

ባለቤቴ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። የጎንደር ሰው ሁሉ እሱ ያስተማረው ይመስለኛል፣ መንገድ ላይ ሰላምታው አያስኬደንም ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀመረው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ የልጆቹን ስም፣ አሁን እኔንም። ጠዋት ጠዋት "እመቤት፣ የማን ቤት ነው ይህ?" ይለኛል። በጣም ጨዋ ነው፣ እንግዳ ሆኖ ያመሰግነኛል። 43 ዓመት አብረን ኖረን ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ልቤ ተሰበረ። እኔን የማያውቀኝ ከሆነ ትዳራችን የት ሄደ? አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን አጥሚት ሳጎርሰው አንድ ነገር ታየኝ። እሱ አያውቀኝም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። አጥሚቱ ትኩስ ሲሆን እንደማይወድ አውቃለሁ። በግራ ጎኑ ካልተኛ እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቃለሁ። እሱ ረሳው እንጂ 43 ዓመቱ አልጠፋም፣ እኔ ጋ ተቀምጧል። እሱ ባያውቀኝም በእኔ መታወቁ ያኖረዋል።

እኔም እግዚአብሔርን ማወቅ ሲያቅተኝ፣ ጸሎቱ አፌ ላይ ደርቆ ሲቀር፣ እሱን አስባለሁ። እኔ ባላውቀውም እሱ ያውቀኛል እላለሁ። የልጅ ልጄ ጳውሎስ ይህንኑ ብሎታል ብላ አነበበችልኝ፣ ዛሬ በመስተዋት በድንግዝግዝ እናያለን፣ በዚያን ጊዜ ግን "እንደ ታወቅሁ አውቃለሁ" ይላል። ስለ ፍቅር በጻፈበት ምዕራፍ ላይ ነው አለችኝ። ሌላ የት ይጻፈው?

ያቺ እናት "እሱ ያውቃል" ስትል ምክንያት እየሰጠችሽ አይመስለኝም ልጄ። ምክንያቱን እሷም አታውቀውም። ልጄን የሚያውቅልኝ አለ ማለቷ ነው። እናት ከሞት ይልቅ የምትፈራው ልጇ መረሳቱን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ነበር?

ጽና_በእምነት፦

እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ልጁ የጻፍሽውን በደንብ ሳላነብ ነው የመለስኩልሽ። ጥያቄ የሚለውን ብቻ አይቼ ፈረድኩ። የልጁን ክርስትና ስም ካወቅሽ ላኪልኝ፣ እኔ የምሄድበት ደብር በጸሎት እንዲታሰብ ለካህኑ እሰጣለሁ።

የቆሎ ተማሪ የነበርከው፣ "ባልጠየቀች ነው" ያልከውን ለልጆቼ ነገርኳቸው።

የቆሎ_ተማሪ_የነበረ፦

ጽና፣ ይባርክህ።

ሌሊት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ቶሎ ልጻፈው። በግእዝ "አምነ" ማለት ማመን ነው፣ "አማን" ማለት ደግሞ እውነት። በትንሣኤ "በአማን ተንሥአ" ስንል በእውነት ተነሣ ማለታችን ነው። ሁለቱም ከአንድ ሥር ነው የበቀሉት። ታማኝ የምንለውም ከዚያው ነው። አባቶች ማመንን፣ እውነትን እና አለመክዳትን አንድ ግንድ ላይ ነው ያስቀመጧቸው። እኛ ነን ቆራርጠን እርስ በርስ የምናጣላቸው። ተረኛዋ እህቴ፣ አያትሽ እንደሚወዱሽ በምን አወቅሽ ብትባዪ፣ ኖረውልሽ ነው ያወቅሽው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲነሱ አይተሻል። ያ ማስረጃ ነው፣ ለማግኘት ግን አብሮ መኖር ይጠይቃል። በአንድ ቀን ምርመራ አይታወቅም እንጂ አይታወቅም የሚባል ነገር አይደለም።

ፊዚክስ_አስተማሪ፦

ይህን ስለ ሥሩ ያልከውን ነገ ክፍል ውስጥ ልጠቀምበት ፈቃድህ ነው?

እናቴ ከቀሃ፣ ለጋሼ አንድ ሰላምታ አድርሱልኝ። ምናልባት እኔንም አስተምረውኝ ይሆናል።

ተረኛዋ፦

እናቴ፣ መልስ ሳልሰጥዎት ሦስት ቀን ቆየሁ። ጥያቄዎን ለመመለስ አፍሬ ነው። አዎ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ነበር። እኔ ነበርኩ። ምንም አላልኳትም፣ የምለው አልነበረኝም። አንዱን ጫማ እሷ ስትጠርግ ሌላኛውን አንስቼ በጋውኔ ጠረግሁት። ሶሉ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ጠጠር ነበረች፣ በጥፍሬ አወጣኋት። ጨርሼ ሰጠኋት። እሷ እጄን ይዛ ሳመችው። ያን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሥራዬን ጥዬ የተቀመጥኩ ስለመሰለኝ ይሆናል። እርስዎ ሲጠይቁኝ ግን ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ ምንም ያልጠረጠርኩት ያን አሥር ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ጳውሎስ "በመስተዋት" ያለው ነገርም ይዞኛል። እኔ እንጀራዬ ራሱ በመስታወት ማየት ነው።

ጽና ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሙን በውስጥ እልክልሃለሁ።

ማርቆስን ጨርሼዋለሁ። ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት አለ፣ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ የጮኸው። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ጌታም መጀመሪያ ጥርጥርህን አጥራና ተመለስ አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ያንን ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛ የኔ ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ደግሞ አመመኝ፣ ምክንያቱም የዚያ አባት ልጅ ተነሣ፣ የኔዋ እናት ልጅ አልተነሣም። ይህን አልደብቃችሁም። እዚያ ላይ ገና ነኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ላጫውታችሁ። ትናንት እማሆይ ጋ ሄድኩ። ቡና እየቆሉ ነበር። ደፈር ብዬ "እማሆይ፣ እግዚአብሔርን ተጠራጥረውት ያውቃሉ?" አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ምጣዱን ሳያወርዱ "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለምን የምነሳ ይመስልሻል?" አሉኝ። ለጸሎት ነዋ አልኩ። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሌሊት በዚያ ሰዓት ነው ከቤት የተወሰደው። እኔ አልተወለድኩም፣ ፎቶውን ብቻ ነው የማውቀው። ሬሳውንም አላገኙም። "ከዚያ ሌሊት ጀምሬ በዚያችው ሰዓት እየተነሳሁ፣ የት አደረስከው? እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ውዳሴ ማርያሙን ስጨርስ ነው የምጠይቀው" አሉኝ። ልጅ ሆኜ ያንን ጧፍ እያሸተትኩ ስተኛ እሳቸው ጥያቄ እየጠየቁ ነበር ማለት ነው።

"እና መለሰልዎት?" አልኳቸው።

"ገና" አሉኝ። ከዚያ ቡናውን አሸቱኝና እንድወቅጠው ሙቀጫውን ሰጡኝ።

የቆሎ ተማሪ ወንድሜ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ አይደለሁም። መምህርህ ጋ ስንት ሰዓት ልምጣ? እማሆይም "እኔም እመጣለሁ" ብለዋል፣ መንገዱ ዳገት ከሆነ ግን ባጃጅ እንድይዝ አስቀድመህ ንገረኝ።